ሁለተኛው ልመና

ፀዳለ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ፊልም ስታይ ኖራለች። ስድስት ዓመት አንድ ፊልም ማየት ለሰው ልጅ ጤና ነው አልልም፤ ግን ሥራዋ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ሚስስ ቨርና ምሳዋን በልታ፣ መድኃኒቷን ውጣ፣ እግሯ ላይ ብርድ ልብስ ጣል ተደርጎላት «ሴዲ፣ ፊልሜን» ትላለች። ፀዳለ ማለት አልሆንላት ስላለ ሴዲ ብላታለች። ፀዳለም ሰማንያ ስምንት ዓመት የሞላትን ሴት አንቱ የምትልበት እንግሊዝኛ አጥታ «ዩ» ብላ ቀርታለች፤ እኛም እንግዲህ እንደ እሷው አንቺ እያልናት እንሄዳለን።

ፊልሙ የድሮ ነው፤ ክላሲክ ይሉታል። ዋና ተዋናይ የሚባል ነገር የለውም። ሃያ ምናምን ሰው አንድ ከተማ ውስጥ ይርመሰመሳል፤ አንዱ የካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኝ ነው፣ አንዱ ዘፋኝ ልሁን ባይ ነው፣ ሌላው ዘፋኝ አግብቶ የሚማረር ነው። ፀዳለ ማን የማን ባል እንደሆነ ለመለየት ብቻ ሁለት ወር ፈጅቶባታል። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ካለፈ በኋላ ቨርና ትመጣለች፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ከምራ። የገበያ ሜዳ ላይ ቆማ ራሷ የደረሰችውን ዘፈን ትዘፍናለች። ባሏ ጥሏት ከሄደ በኋላም በየቀኑ ሁለት ሰሃን ስለምታቀርብ ሴት ነው። አራት ደቂቃ ይፈጃል። ካሜራው ግን እሷን ትቶ ሰው ላይ ይዞራል፤ ቋሊማ የሚበላ አለ፣ ሚስቱን የሚቆጣ አለ፣ ጫማው የጠበበው አለ፣ እሷ እየዘፈነች ሁሉም የራሱን ወሬ ያወራል። ዳይሬክተሩ ሆን ብሎ ነው አሉ፤ ጥበብ ነው አሉ።

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያወሩብኛል» ትላለች ቨርና በየቀኑ። «አንድ ቀን እንኳ አፋቸውን አይዘጉም፣ ሴዲ።»

ፀዳለ ይገባታል። ካንትሪ የሚሉት ሙዚቃ መጀመሪያ የከብት ነጂ ጩኸት መስሎ ነበር የታያት። ቆይታ ስታዳምጠው ግን ባል የከዳት፣ እናት የሞተችባት፣ መጠጥ የጣለው፣ መንገድ የበላው ነው። ይሄማ የኛው እንጉርጉሮ ነው፤ ባቡር ብቻ በዛበት።

እሷም ዘፋኝ ነበረች። «ነበረች» የምትለውን ቃል ሌላ ሰው ሳይቀድማት ራሷ ናት የምትጨምራት። በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ ከኪነት ቡድን ገብታ፣ ስለ አምራች ገበሬና ስለ መሠረተ ትምህርት ስታዜም ድምፅዋ ወደ ላይ ሲወጣ አዳራሹ ጸጥ ይል ነበር። ኋላም አዲስ አበባ ወርዳ አንድ ካሴት አወጣች። ዲቪ ደርሷት ሎስ አንጀለስ ከመጣች በኋላ ደግሞ ፌርፋክስ ላይ፣ በወዳጇ በሰገነት ምግብ ቤት፣ እሑድ እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ትዘፍን ነበር። ካቆመች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ለምን ተውሽው ሲሏት «ደከመኝ» ትላለች። እውነትም ደክሟታል። ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ያማታል፣ ወገቧ አይታዘዝም፣ ከቤቷ ከክሬንሾው ቨርና ቤት ሚራክል ማይል ድረስ በሁለት አውቶቡስ መመላለስም ሰው አያድስም። መዝፈን የተወችው ግን ደክሟት አልነበረም።

ቨርና ፊልሙ ውስጥ ራሷን ባየች ቁጥር አብራ ልትዘፍን ትሞክራለች። ሳንባዋ ከሁለት ስንኝ በላይ አያስኬዳትም። ሦስተኛው ላይ ትንፋሿ ያልቅና አፏን ከፍታ ትቀራለች። ያኔ ፀዳለ ከወጥ ቤት፣ እጇ ሳሙና እንደሆነ፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ትቀበላታለች። ማን እንደጀመረው ሁለቱም አያስታውሱም። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ቅላፄው ግን ወሎ። ቨርና ዓይኗን ጨፍና ትሰማና «ይሄ ነው» ትላለች። ፀዳለ ሰሃን ታጥባለች። በቀን ውስጥ ድካሟን የምትረሳው በእነዚያ አራት ደቂቃዎች ብቻ ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ባለፈው መጋቢት ሜጋን የምትባል ልጅ መጣች። የድሮ ፊልሞችን እየፈለገ የሚያሳይ አንድ ማኅበር ውስጥ ትሠራለች። ፊልሙ ሃምሳ ዓመት ስለሞላው ዊልሸር ላይ በሚገኝ አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊታይ ነው፤ ከተዋናዮቹ በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ቨርና መድረክ ላይ ወጥታ ያንን ዘፈን ብትዘፍን ደስታችን ነው አለች።

ቨርና ፊቷ በራ። «ማንም ሳያወራብኝ?»

«ማንም አያወራም» አለች ሜጋን።

«እንግዲያው ስሚኝ» ብላ እዚያው ሶፋው ላይ ጀመረች። አንደኛው ስንኝ ወጣ። ሁለተኛው እየተንገዳገደ ወጣ። ሦስተኛው ላይ ትንፋሿ አለቀ። ፀዳለም እንደ ልማዷ፣ እንግዳ መኖሩን እንኳ ሳታስብ፣ ከወጥ ቤት ተቀበለቻት።

ሜጋን ብድግ አለች። ወጥ ቤቱ በር ላይ መጥታ ቆመች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ እነዚህ ልጆች ለእንባ ቅርብ ናቸው። «አንቺ ነሽ? እንዴት ያምራል! መድረኩ ላይ አብረሻት ትዘፍኛለሽ?»

የፀዳለ ልብ እንዴት እንደዘለለ እኔ ልንገራችሁ እንጂ እሷስ አትናገርም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ ነው የኖረችው። ማታ ስትተኛ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ አንድ ሰው መጥቶ «ፀዳለ፣ እስቲ ዝፈኝልን» ሲላት በሐሳቧ ታየዋለች። አሁን መጣ። እናም ፀዳለ እጇን በፎጣ እየጠረገች፣ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «ኖ፣ ኖ፣ ኢትስ ኦኬ። አይ አም ኖት ሲንገር» አለች።

እንግዲህ ይህን ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ መልስ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ሰው ቤት ሄደሽ ብዪ ስትባይ «አሁን ነው የበላሁት» ትያለሽ፤ አንጀትሽ እየጮኸ። ባለቤቷ «በሞቴ» ትላለች፤ አንቺ «ኧረ ጠግቤያለሁ» ትያለሽ፤ «አፈር ስሆን» ስትልሽ ነው እጅሽን የምትታጠቢው። መጀመሪያ ሲጠሩት ዘሎ የሚነሳ ዘፋኝ ደግሞ ምን የሚሉት ዘፋኝ ነው? ፀዳለ እናቷ እንዳሳደገቻት የመጀመሪያውን እምቢታ በወጉ አቀረበች። ሁለተኛው ልመና ላይ ለስለስ ልትል፣ ሦስተኛው ላይ «እንግዲህ ካላችሁ» ልትል ተዘጋጅታ ቆመች።

«ኦው፣ ገባኝ፣ ምንም ችግር የለውም» አለች ሜጋን፤ ስልኳ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። «ጊታር የምትጫወት አንዲት ልጅ አውቃለሁ፤ እሷ ታግዛታለች።»

ፀዳለ ፎጣውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሜጋን ቦርሳዋን አነሳች፣ ቨርናን ጉንጯን ሳመች፣ ለፀዳለ እጇን አውለበለበች፣ ወጣች። ሁለተኛው ልመና አልመጣም። ቨርና ከሶፋው ላይ ሆና ረጅም ጊዜ ተመለከተቻት። «መዝፈን አትፈልጊም?» አለቻት። ፀዳለም «ደክሞኛል» አለች፤ ምን ትበል።

ዓርብ ከሥራ ስትወጣ ወደ ቤቷ በመሄድ ፈንታ በፌርፋክስ ቁልቁል በእግሯ ወረደች። የኦሎምፒክን መንገድ ተሻግራ የሰገነት ምግብ ቤት ስትደርስ ምሳው አልቆ እራቱ አልተጀመረም፤ ሰገነት ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ምስር ትለቅማለች። ከጎኗ ጋሽ ንጋቱ የፓርኪንግ ሠራተኛ ሰደርያውን እንደለበሰ ሽሮ ይበላል። ጋሽ ንጋቱ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ማታ ማታ ሆሊውድ የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል፤ እሑድ እሑድ እዚሁ ምግብ ቤት ኪቦርድ ይጫወታል። ፀዳለን ድሮ የሚያጅባት እሱ ነበር።

ነገረቻቸው። ሰገነት ምስሩን ገፋ አድርጋ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች።

«ስንት ዓመትሽ ነው እዚህ አገር?»

«ሃያ ሰባት።»

«ሃያ ሰባት ዓመት ኖረሽ ፈረንጅ ሁለቴ እንደማይለምን አታውቂም? ኖ ካልሻቸው ኖ ነው፤ አለቀ! ሶ፣ አሁኑኑ ደውይላት። ‹ቼንጅ አድርጌያለሁ፣ እዘፍናለሁ› በያት።»

«እኔ? እኔ ደውዬ ልዝፈን ልበል? ሞቼ ነው! ምን ትለኛለች? ስትለመን እምቢ ብላ፣ ቆይታ ለማኝ ሆነች አትለኝም?»

«ኧረ እሷ ምንም አትል! ጭራሽ አታስታውሰውም እኮ!»

ጋሽ ንጋቱ ሽሮውን ጨርሶ እጁን በናፕኪን እየጠረገ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እሷ ራሷ መደወሏ ደግ አይደለም» አለ። «የጨዋ ልጅ ናት። ይሄ በሰው ነው የሚያልቀው። እኔና ሰገነት ሄደን እናነጋግራታለን።»

«ጋሽ ንጋቱ፣ ሽማግሌ ሆነው ሊሄዱልኝ ነው እንዴ?» አለች ፀዳለ እየሳቀች። ግን «አይሂዱ» አላለችም። ይህን ልብ በሉ፤ አንድም ጊዜ «አይሂዱ» አላለችም።

ማክሰኞ ሄዱ። ጋሽ ንጋቱ ለልጁ ሠርግ ያሰፋውን ሱፍ ለብሶ፣ ሰገነት ነጠላዋን አጣፍታ፣ የሜጋን ቢሮ ገቡ። አርባ ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ ሲመለሱ ፀዳለ ምግብ ቤቱ ውስጥ ትጠብቃቸው ነበር። ሁለቱም ፊታቸው በርቷል፤ ሥራቸውን በወጉ የሠሩ ሰዎች ፊት ነው።

«እንዴት ሆነ?» አለች ከመቀመጫዋ ተነስታ።

ጋሽ ንጋቱ ከኪሱ ፖስታ አወጣ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ፖስታው ውስጥ ሦስት ቲኬት ነበር፤ የቅዳሜው ፊልም መግቢያ። ነፃ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰጠችን» አለች ሰገነት። ድምፅዋ ትንሽ መቀዝቀዝ ጀምሯል። «በጣም ጥሩ ልጅ ናት።»

«ስለ መዝፈኔስ? ነገራችኋት?»

«ነገርናት እንጂ!» አለ ጋሽ ንጋቱ። «ከየት እንደመጣሽ ነገርኳት፤ የነማን ልጅ እንደሆንሽ፤ ጠባይሽን፤ አፍሽ እምቢ ቢልም ልብሽ ሩኅሩኅ እንደሆነ፤ ጨዋ ሰው ራሱን እንደማያቀርብ። ሁሉንም በምሳሌ ነው የነገርኳት። በመጨረሻ ‹ታዲያ ምን ላድርግላችሁ?› ስትለኝ፣ ‹እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ› አልኳት።»

«‹አንቺ ታውቂያለሽ›?»

«ታዲያስ! ለክብሯ ተውኩት።»

«እሷም አሰበች፣ አሰበችና መሳቢያዋን ከፈተች» አለች ሰገነት። «ቲኬት ፈልገን የመጣን መስሏት ነው።»

«እና ለምን ‹ቲኬት አይደለም› አላላችኋትም?»

ሰገነት ቲኬቶቹን ወደ ፖስታው መለሰች። ጋሽ ንጋቱ «እንዴት ይባላል? አንዴ እጇን ዘርግታ» አለ።

ፀዳለ ሳቀች። ከት ብላ፣ ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ እነሱም ሳቁ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል፤ ፈረንጅ ግን ጠጁንም አልቀመሰ፣ ብርሌውንም አላየ። ሲስቁ ሲስቁ ቆይተው የፀዳለ ሳቅ መሃል ላይ ተበላሸ፤ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ሰገነት ናፕኪን ልታቀብላት ስትዘረጋ ፀዳለ እጇን ያዘቻት።

«አንቺ ግን ለምን አባረርሽኝ?» አለች።

«ምን?»

«ያኔ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት። እሑድ ቀን፣ እዚህ በር ላይ፣ ‹ፀዳለ፣ ደክሞሻል መሰል፤ ዛሬ ብትተይውስ?› አልሽኝ። እሺ ግድ የለም አልኩሽ። ከዚያ ወዲያ ዝፈኝ ብለሽኝ አታውቂም።»

ሰገነት ናፕኪኑን ጣለችው። «እኔ? እኔ ላባርርሽ? ፀዳለ፣ ዓይንሽ ደም ለብሶ ነበር እኮ! ከሥራ ሳትተኚ መጥተሽ! ለዛሬ እረፊ አልኩሽ እንጂ። በሳምንቱ ስትመጪ ዝም ብለሽ ተቀመጥሽ፤ መዝፈኑ የሰለቸሽ መሰለኝ። ሦስት ወር ሙሉ ማይክሽን ሳላነሳ ጠብቄሻለሁ። ጋሽ ንጋቱ ምስክሬ ነው።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ልጫንሽ አልፈለግኩማ! አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ጋሽ ንጋቱ መሬት መሬት ያይ ነበር። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» አለ ቀስ ብሎ። ይህን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስናውቀው ነው የኖርነው፤ ምን እንደጠቀመን እንጃ። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም። ሁለት ሴቶች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ አንዷ እስክትለመን ስትጠብቅ፣ አንዷ ላለመጫን ስትጠነቀቅ፣ አሥራ አንድ ዓመት አልፏል። ፀዳለን ያደከማት ሥራው ብቻ አልነበረም፤ መጠበቁ ነበር ያደከማት። ያን ቀን ገባት።

ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። ሰገነትና ጋሽ ንጋቱ በሽምግልና ባገኙት ቲኬት መሃል ተቀምጠዋል፤ ሦስተኛው ቲኬት ሰገነት ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ፀዳለ ከመድረኩ ጀርባ ናት፣ የቨርናን ዊልቼር ይዛ። ቨርና ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ ከንፈሯ ተቀብቷል። ጊታር የያዘችው ልጅ ጎንበስ ብላ ዘፈኑን በየት በኩል እንደምትጀምር ታስረዳታለች። ቨርና እየሰማቻት አልነበረም። አንገቷን ዞር አድርጋ ፀዳለን ታያለች። አትለምንም። ቨርናም አንዴ ጠይቃ፣ «ደክሞኛል» ተብላ፣ ተቀብላ የተወች ሴት ናት። እሷም የራሷ ይሉኝታ አላት፤ ዕድሜ ልኳን ሰዎች ሲያወሩባት ዝም ያለች።

ከመጋረጃው ወዲያ ፊልሙ እየሄደ ነው። ፀዳለ ድምፁን ብቻ ሰምታ የት እንደደረሰ ታውቃለች፤ አሁን ያ ሰካራሙ ሰውዬ ከሆቴሉ ይባረራል፣ አሁን እህትማማቾቹ ይጣላሉ። ከዚህ በኋላ የገበያው ሜዳ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ፊልሙን አቁመው መብራት ሊያበሩ ነው። ሜጋን ጆሮዋ ላይ ሽቦ ሰክታ ወዲያና ወዲህ ትላለች።

እንግዲህ አንድ ሰው በስልሳ ሁለት ዓመቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሲንቀጠቀጥ ብታዩ ትስቁ ይሆናል። ፀዳለ ደሴ ላይ ሺህ ሰው ፊት ስትቆም እንዲህ አልሆነችም። «እናቴ ትታየኝ ነበር» ትላለች ኋላ፤ ጉንጯን ነክታ «ወይ ጉድ፣ አቅርቡልኝ የምትል ሴት!» ስትላት። እግሯ ግን ሄደ። ሜጋንን ክንዷን ያዘቻት።

«አይ ዋንት ቱ ሲንግ» አለች። ድምፅዋ እንደ ሕፃን ሆነባት። ደገመችው። «አይ ላይድ። ያን ቀን ዋሸሁሽ። መዝፈን እፈልጋለሁ።»

ሜጋን ዞራ አየቻት። አንድ ሰከንድ እንኳ አልፈጀባትም።

«ኦፍ ኮርስ!» አለች። «ደስ ይለኛል! አልፈልግም ያልሽ መስሎኝ እኮ ነው።» ወዲያው ወደ ጨለማው ዞራ ተጣራች። «ሌላ ማይክ አምጡልኝ!»

ይኸው ነው። ይኸው ብቻ ነበር። ፀዳለ «ኖ» ብትባል ኖሮ የሚሻላት ይመስለኛል፤ ለኖ ተዘጋጅታ ነበር። በሩ ተቆልፏል ብላ አሥራ አንድ ዓመት ደጅ የቆመች ሴት፣ ገፋ ብታደርገው ወለል ብሎ ተከፈተላት። ጭራሽ አልተቆለፈም ነበር። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ያ ሁሉ ዓመት ቆጫት። ለማልቀስ ግን ጊዜ አልነበረም፤ አንድ ልጅ መጥቶ እጇ ላይ ማይክ አስያዛት፣ መብራቱም በራ።

ቨርና ጀመረች። ልጅቷ በጊታሯ ቀስ ብላ ተከተለቻት። አንደኛው ስንኝ ወጣ፤ ቀጭን፣ ግን ቀጥ ያለ። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ አለቀ፣ ፀዳለም ገባች። አዳራሹ ውስጥ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማት፤ ሰዎች አልጠበቋትም። ቃሉ እንግሊዝኛ፣ ቅላፄው ወሎ፤ ሁለተኛው ሰሃን የሚቀርብበት ስንኝ ላይ ድምፅዋን አጠፈችው፣ አንቆረቆረችው፤ ጊታር የያዘችው ልጅ ቀና ብላ አየቻትና መምታቱን ቀነሰችላት።

ከዚያ ከፍታው መጣ። ዘፈኑ ላይ ሴትየዋ በሩ የተንኳኳ መስሏት የምትነሳበት ቦታ አለ፤ ዜማው እዚያ ላይ ወደ ላይ ይወጣል። ወጥ ቤት ውስጥ ሆና ፀዳለ ያንን ቦታ ሁልጊዜ በለሆሳስ ነበር የምታልፈው፣ ጎረቤት እንዳይረበሽ። አሁን ደረቷን ነፋችና ወደ ላይ ሄደች። ሄዳ አላገኘችውም። ድምፅዋ ከሚታወቅበት ቦታ ላይ አየር ብቻ ወጣ። ድሮ አዳራሽ ጸጥ የሚያሰኘው ያ ድምፅ የለም። መቼ እንደሄደ አታውቅም፤ ሲሄድ አልተሰናበታትም። ወደ ታች ወርዳ፣ በሻካራው፣ በተረፈው ጉሮሮዋ ስንኙን ጨረሰችው።

ቨርና እጇን ዘርግታ ቀሚሷን ያዘቻት። የመጨረሻውን ስንኝ አብረው አሉት፤ አንዷ ትንፋሽ የላትም፣ አንዷ ከፍታ የላትም። ዘፈኑ አለቀ። ማንም አላወራም። አምስት መቶ ሰው አለ፣ አንድ ሰው እንኳ አልሳለም። ቨርና ያንን ዝምታ ጭብጨባው እስኪመጣ ድረስ አፏን ከፍታ አዳመጠችው፤ ጭብጨባው ሲመጣ ቅር ያላት ትመስል ነበር።

ፊልሙ አልቆ ሰው ሲበተን የቨርና የወንድሟ ልጅ መጥቶ በመኪናው ወሰዳት። ጋሽ ንጋቱ ሥራ አለብኝ ብሎ ፀዳለን ግንባሯን ስሞ ሄደ። ሰገነትና ፀዳለ ብቻቸውን በፌርፋክስ ቁልቁል ወደ ምግብ ቤቱ ይሄዱ ጀመር። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ፀዳለ ጉልበቷ ይዟት ቀስ ብላ ነው የምትራመደው። ሰገነት ግን አንድ ጊዜ እንኳ «አምሮብሽ ነበር» አላለችም፤ ይህ ፀዳለን አስደነቃት፣ ፌርፋክስ ላይ የማይመሰገን ዘፋኝ የለምና።

አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ፀዳለ ቆመች።

«ሰገነት። እውነቱን ንገሪኝ። ያኔ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ብጠይቅሽ ኖሮ፣ ያ ከፍታ ይወጣልኝ ነበር?»

ሰገነት መልስ ለመስጠት አፏን ከፈተች። በአገራችን ደንብ አሁን «ኧረ ዛሬም ወጥቶልሻል፣ ምን ሆነሻል» ነው የሚባለው። ፀዳለም የጠበቀችው ያንን ነው። ሰገነት ግን ዘጋችው አፏን፣ አሰበች፣ ዓይኗን እያየቻት ተናገረች።

«አዎ» አለች። «ይወጣልሽ ነበር።»

መኪናዎች አለፉ። ፀዳለ ማቆሚያው ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ አለቀሰች፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ መንገድ ላይ። ሰገነት አጠገቧ ተቀምጣ ጠበቀቻት፤ አይዞሽም አላለቻት። አንድ አውቶቡስ መጣና በሩን ከፍቶ፣ የሚሳፈር ሲያጣ ዘግቶ ሄደ።

ፀዳለ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ነገ እሑድ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ነገ እዘፍናለሁ። እንዲህ በተረፈኝ ድምፅ።» ሰገነት ልትናገር ስትል እጇን አነሳችባት። «ትፈቅጅልኝ እንደሆነ እየጠየቅኩሽ አይደለም። እየነገርኩሽ ነው።»